ትራሱ ውስጥ ያለው ሱሪ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ምስር ለቀምኩ። የጭላሎ ተራራ ደመና ለብሷል። ጉልበቴ ደረጃው ላይ ዛሬም ጮኸ። ጎረቤቴ ፈይሩዛ ሰማችው መሰለኝ፣ በአጥሩ ብቅ አለች።
«ኮቱ፣ ነይ፣ ታይቺ እንሂድ! የቻይና ስፖርት ነው። ቀስ ብሎ ነው፣ ጉልበት ያፍታታል።»
«በዚህ ዕድሜዬ ካራቴ?»
«ካራቴ የጃፓን ነው። ስታነቢ እየዋልሽ ይሄንን አታውቂም?»
ነካችኝ። ማንበብን ብቻዬን፣ ጨው ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ እንደለቀምኩት ታውቃለች... እሄድ ይሆን?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ጉድ ሆንኩ። የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ስገባ ሃያ ሰው በአንድ እግሩ ቆሟል። ሲያዩኝ «ኖር!» ብለው ሁሉም እግራቸውን አወረዱ። አንዱ ጎረምሳ ተንገዳግዶ ፈይሩዛ ላይ ወደቀ።
«በእግዜር፣ በእግዜር... ኧረ እግራችሁን አንሱ!»
አሰልጣኙ ቶፊቅ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «እማማ ሰሎሜ፣ ከዛሬ ወዲያ ቀድመው ይምጡልን። እርስዎ ዘግይተው በገቡ ቁጥር እኛ መቆም ላንማር ነው» አለ።
እኔስ በአንድ እግሬ ስንት ቆየሁ? አንድ እስትንፋስ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ከዘበኛው ቀድሜ ደረስኩ። ቶፊቅ፣ «ቀሚሱ ያደናቅፍዎታል። ሰፊ ጥቁር ሱሪ ቢለብሱ» አለኝ።
ጥቁር ሱሪ... ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

እሁድ፣ ጥቅምት 17
እዚህ እንኳ ልጻፈው። ልጄ ዳናዊት በአሥራ አምስት ዓመቷ ውሹ የሚሉትን የቻይና ውጊያ ስፖርት ትማር ነበር። «ሴት ልጅ እግሯን አታነሳም» አልኳት። አልሰማችኝም። የምትለማመድበትን ጥቁር ሱሪዋን በመቀስ ቆራርጬ ትራሴ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። «ከገመድ ላይ ሌባ ወሰደው» አልኳት። ሌላ የምንገዛበት አልነበረንም። ተወችው።
ባሌ ዘሪሁን ያውቅ ነበር። አንድ ቀን ትራሱን መታ መታ አድርጎ፣ «ይሄ ሌባ እንቅልፍ ይወስደዋል?» አለኝ። እስኪሞት ሌላ ቃል አልወጣውም።
አሥራ ስምንት ዓመት ተኝቼበታለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23
ሮቤ ለምትኖረው ዳናዊት ደወልኩላት። ታይቺ ጀመርኩ ስላት ሳቀች። «አንቺ? እግርሽን ታነሺያለሽ?»
ነገርኳት። ሱሪውን፣ መቀሱን፣ ትራሱን።
ከበስተኋላዋ የሚኒባስ ጥሩምባ ብቻ...
«እማዬ፣ ሌባውን ስፈልግ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ እግር ሳይ ነው የኖርኩት።»
ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። ስልኩ ተዘጋ። ተቋረጠ ወይስ ዘጋችው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26
አልደወለችም። ሰባት እስትንፋስ ቆምኩ። ፈይሩዛ አራት። አኮረፈችኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
አልደወለችም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5
በአንድ እግራችን ቆመን ሳለን በሩ ተከፈተ። ዳናዊት! ከሚኒባስ እንደወረደች፣ አቧራዋን እንደለበሰች፣ በብብቷ አዲስ ትራስ ይዛ።
እግሬን አወረድኩ። እናት ለልጇ አትልም፣ አውቃለሁ።
«ኖር!» አልኳት።
አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ፈይሩዛ እንኳ እግሯን አወረደች።
ዳናዊት ከንፈሯን ነከሰች። ትራሱን ግድግዳው ሥር አስቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ መጥታ ከጎኔ ቆመች።
«በእግዜር፣ እማዬ» አለች። «በይ አሁን እግርሽን አንሺ።»