ከአልበሙ የወጣው ቴምብር

ለተከበሩ እትዬ ከድጃ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ኮምቦልቻ እንዴት ከረማችሁ? ጉልበትዎስ ተሻለዎ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ የዴን ሃግን ዝናብ ችለን አለን።

ስልክ እያለ ለምን በደብዳቤ እንዳይሉኝ። ስደውል ወንድምዎ እንድሪስ ከአጠገቤ አይነሳም።

አሁንም ቴምብር መሰብሰቡን አልተወም። ባለፈው ቅዳሜ ሊለዋወጥ ሮተርዳም ሄዶ፣ ሲመለስ ከመንገዱ ውጭ ቭላርዲንገን የሚባል ከተማ ወርዶ ተገኘ። ሃያ ዓመት የተመላለሰበት መንገድ ነው። «መስመሩን ቀይረውታል» አለኝ። ቀይረውት ይሆናል፤ እዚህ አገር ምን የማይቀየር አለ? ሁይስአርትስ የምንላቸው ሐኪማችን ጋ እንሂድ ስለው ደግሞ «ማን ታመመ?» ይለኛል።

ቴምብር በወረንጦ እንጂ በእጅ አይነካም እያለ ልጆቻችንን ሲቆጣ የኖረ ሰው አይደል? ዛሬ የዚህን ደብዳቤ ፖስታ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ብመለስ፣ እርስዎ በልጅነቱ የሰጡትን፣ የጃንሆይ ምስል ያለበትን ቴምብር ከአልበሙ አውጥቶ፣ በምላሱ አርጥቦ ለጥፎበታል። «በዚህ አይሄድም እኮ፣ የሆላንድ ነው የሚለጠፈው» ስለው ትኩር ብሎ አየኝ።

«ታዲያ እኛ የት ነን?» አለ።

እየቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

ከጎኑ የሆላንዱን ለጥፌበታለሁ። እባክዎ ፖስታውን ሲከፍቱ ቴምብሩ እንዳይቀደድ፤ ቁርአንዎ ውስጥም ቢሆን ያስቀምጡልኝ። አንድ ቀን ቢጠይቀኝ የት እንዳለ ልንገረው።

በዱዓዎ አይርሱን።

ሙሂባ