ሁለት ኢሽሚት ካውር፣ አንድ ማይክሮፎን

ለተከበሩ ሰርዳር ጉርታጅ ሲንግ ራንዳዋ፣
የመንደራችን የሲኮች ጸሎት ቤት፣ የጉርድዋራው ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤

ጤናዎ እንደ ስምዎ ይርዘምልን እያልኩ፣ ከጸሎት ቤታችን በታች ካለው የጫማ ሰፊዎች ሰፈር በአክብሮት እጅ እነሣለሁ። ሳልደብቅዎ፣ ይህን የምጽፈው በቅናት ነው።

፩. በስምዎ እቀናለሁ። በሃይማኖታችን ወንዱ ሁሉ ሲንግ፣ ሴቷ ሁሉ ካውር የተባለችው ማን ከማን ዘር እንደተወለደ እንዳይጠየቅ ነበር። እኛ በዚያው ረክተን ስንቀመጥ እርስዎ ግን የጎሳዎን ስም ጨመሩበት። ለጸሎት ተቀምጬ ቀና ባልኩ ቁጥር፣ እርስዎ ለግሰውት ከራሴ በላይ በተሰቀለው ማራገቢያ ላይ «ራንዳዋ» የሚል ጽሑፍ አያለሁ። ስለ ነፋሱ አመሰግናለሁ።

፪. ለቫይሳኪ በዓል መዝሙር እንድትመራ የዜማ መምህራችን የመረጡት ልጄን ኢሽሚት ካውርን ነበር። ስሟ ሲጠራ ተነሣች። የእርስዎም ልጅ ስሟ ያው ኢሽሚት ካውር ነውና፣ እርስዎ ማይክሮፎኑን ተቀብለው «አንቺ ቁጭ በይ የኔ ልጅ፤ የጠራነው ራንዳዋዋን ነው» አሉ። «የኔ ልጅ» ስላሏት ፈጣሪ ይስጥልኝ። ከኋላ አንዱ «የጫማ ሰፊው ልጅ እኮ ናት!» ብሎ ሳቀ። ልጄ ተቀመጠች፤ የሻሿን ጫፍ ነክሳ እንባዋን ስትውጥ አየኋት።

ያኔ ልጅዎ ወደ ማይክሮፎኑ ሄዳ፣ «አባዬ፣ ራንዳዋ የምትባል ልጅ ካለች እሷን ጥራት። እኔ ካውር ነኝ» አለች። ከዚያም የልጄን እጅ ይዛ አስነሣቻት፤ አብረው ዘመሩ።

፫. ቅናቴ የባሰው እዚህ ላይ ነው። የልጅዎ ድምፅ ከልጄ ይበልጣል፤ ይህን ስጽፍ እጄ እምቢ እያለኝ ነው። ድምፁስ ይሁን። ያንን ቃል የተናገረችው የኔ ልጅ ብትሆን ምን ነበረበት እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ከጸሎት በኋላ ሁሉም ወለል ላይ ተቀምጦ በሚበላበት የጋራ ማዕድ፣ ልጅዎ አጠገቤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ «አክስቴ፣ ምስር ልጨምርልዎ?» ስትለኝ ተቀብዬ በላሁ፤ ግን እንዲህ ያለችውን ልጅ የወለደችው ሌላ ሴት መሆኗ አንጀቴን አሳረረው።

እርስዎ በማዕዱ ላይ አልታዩም። ወለሉ ለሁላችንም እኩል ዝቅ ያለ በመሆኑ ጉልበትዎን አሞዎት ይሆናል፤ ፈጣሪ ይማርዎት።

በትርፍ ስምዎ ከልብ የምትቀና፣ ባለ አጭር ስም እህትዎ፣
ራጅዊንደር ካውር

ከፊርማ በኋላ፦ መልስ ከጻፉልኝ «ለካውር» ብቻ ይበሉት። ፖስተኛው የፈለገውን በር ቢያንኳኳ፣ ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ በፊት አንብባ የሳቀች አንዲት ካውር ትከፍትለታለች። የእርስዎም በር ቢሆን።