ጌሙ ውስጥ ፍሬን አይሸትም

አባዬ፣

ይህን የምጽፍልህ ያንተ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ጭነት ይዤ መኪናህን ብቻዬን ስነዳ ግን የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። ደሴን ለቅቀን ሐረጎ አፋፍ ላይ፣ ሁልጊዜ የምትቆምበት ሰፊ ቦታ ላይ ቆመናል። ጉሙ ቁልቁለቱን ውጦታል፤ ከፊቴ ያለው የድንጋይ ከለላ እንኳ አንዴ ይታየኛል፣ አንዴ ይጠፋኛል። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ በስልኳ ካሮት ትነቅላለች፤ ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ። እኔ ደግሞ ወረቀት መሪው ላይ ዘርግቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንተ ካረፍክ በኋላ ዳማን የሚነዳልን ሹፌር ቀጠርን። (ዳማ እንላታለን አሁንም፤ የጭነት መኪናን በአያቴ በሬ ስም የጠራ ሰው አንተን ብቻ ነው የማውቀው።) ሰውየው ናፍታ ልቆጥብ እያለ ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ ይለቃታል። ሞተሩ ሳይዛት፣ በፍሬን ብቻ እየተንደረደረች ትወርዳለች። ታች ስትደርስ የጎማዋ ብረት ግሎ ይጨሳል። ወንድምህ አጎቴ ይማም እንዳይነቁበት ደግሞ ጋራዣቸው ሳይደርስ ቆሞ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ይደፋበታል። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ምን እንደሚያመጣ ላንተ አይነገርም። ተሰነጠቀ። አጎቴ ሰውየውን አባረሩትና ዳማ ትሸጥ አሉ። እኔ እነዳታለሁ ስላቸው ሳቁብኝ፤ መንጃ ፈቃዱን አውጥቼ ሳሳያቸው ሳቃቸውን ዋጡት።

ፈተናቸው አንድ ናት። ከቦሩ ሜዳ ድንች ጭኜ፣ ሐረጎን ወርጄ፣ ኮምቦልቻ ጋራዣቸው በር ላይ እቆማለሁ። እሳቸው የጎማው ብረት፣ ቸርኬው ላይ እጃቸውን ያሳርፋሉ። እጃቸውን ካላቃጠላቸው ዳማ የእኛ ናት። ካቃጠላቸው እዚያው በቆመችበት ለገዢ ትሰጣለች። ገዢው ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነው አሉኝ። ሻዩ አይጣፍጠው።

ጉሙ እስኪገለጥ የጌም ወሬ ላውራህ። ከሥራ ስትገባ ጫማህን ሳታወልቅ የምትጠይቀኝ እሱን ነበር፤ ምን አዲስ ነገር ተጫወትሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ አታሽሞንሙኚልኝ ትለኝ ነበር። የሰኞ ገበያው ጌም ቤት ሲዘጋ ገዝተህ ያመጣኸው ማጫወቻ ዛሬም ይሠራል። ትንሽ ያጓራል፣ አንተም ታጓራ ነበር።

የኳሱ አዲስ ወጥቷል። አዲስ የሚሉት ስሙን ነው፤ ማሊያ ቀይረው ያንኑ ነው የሸጡልን። የተጫዋቾቹ ግንባር ላይ ላብ ይታያል፣ በረኛው ግን አሁንም ከሩቅ የመጣውን ይይዝና እግሩ ሥር የሚያልፈውን ቆሞ ያያል። ተቀያሪ ማስገባት እንዳንተ የሚጠላ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የደከመን ሰው በሕዝብ ፊት ከሜዳ ማስወጣት ነውር ነው ብለህ ምስኪኖቹን እስከ መጨረሻው ታስሮጣቸው ነበር፤ ማብቂያው ላይ የማገባብህም ለዚህ ነው። የጌም ቤቱን ሕግ ቤታችን ያመጣኸው ራስህ ነህ፣ የተሸነፈ ይነሳ ብለህ። ጆይስቲኩን አስቀምጠህ የምትነሳውም ራስህ ነበርክ። አሁን ከማሽኑ ጋር እጫወታለሁ። ብሸነፍም የሚያስነሳኝ የለም፤ ያ ጌም ለብቻ ምንም አይጥምም።

የጦርነቱን ጌም የሰፈር ልጆች ካልሞከርሽው ብለው ነዘነዙኝ። ሥዕሉ ያምራል። ድምፁ ደግሞ ልክ ነው አባዬ፣ ከልክ በላይ ልክ ነው። ያ ክፉ ጊዜ ከተማችን ላይ የመጣ ለት እኔንና እማዬን ግድግዳ ሥር አስጠግተህ ፍራሽ የደገፍክብን ጊዜ የሰማነው ያንኑ ነበር። እማዬ ከጓዳ ሰማችውና የያዘችው ሳህን ከእጇ ወደቀ። አጠፋሁት፤ መልሼም አልከፈትኩትም። ጥሩ ጌም ነው ለሚለኝ ሰው አልከራከርም፣ በደንብ ተሠርቷል። ለእኛ ግን ጨዋታ ሊሆን አልቻለም።

የእማዬን ጉድ ስማ እንግዲህ። እናንተ ሁለታችሁ በዚህ ሳጥን ልታብዱ ነው ስትለን የነበረችው ሴት ዛሬ የእርሻ ጌም ተጫዋች ናት። ስልኳ ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ። ለቅሶው ካለፈና ቤቱ ጭር ካለ በኋላ እጇ የሚይዘው አጥቶ ጭኗ ላይ ተጋድሞ ሳየው አላስቻለኝም። የገራዶ ገበሬ ልጅ ናትና መጀመሪያ ተቆጣች። ካሮት ሻይ እስኪፈላ እንዴት ይደርሳል፣ አረም የማያውቅ ማሳ የት አገር ነው ያለው፣ ጎረቤትስ እንዴት ድንበር አይገፋም አለች። ወላሂ ውሸት ነው እያለች አሁን ሰላት ጨርሳ ከሰጋጃው ሳትነሳ ካሮቷን ትነቅላለች። እኔን ብትጠይቀኝ አሰልቺ ጌም ነው። ሐዘን የተቀመጠ ሰው ግን በአንዴ የሚበቅል ነገር ማየት ሳያስፈልገው አይቀርም፤ ስለዚህ ክፉ አልናገረውም።

ዋናው የከባድ መኪናው ጌም ነው፤ አንተ አልደረስክበትም። የስልክ ነው። መሪው በግራ በኩል ተስሏል፣ የማርሹ ዱላ በቀኝ፤ በአውራ ጣት ትገፋዋለህ። መንገዱን ብታየው ትቀና ነበር። ጉድጓድ የለ፣ በግ አያቋርጥ፣ ባጃጅ ከጎን ዘው አይል። ዝናቡ መስታወቱ ላይ ሲንቆረቆር እጅህን ያወጣኸው ይመስልሃል። ማርሹ ግን ቀጣፊ ነው። ቁልቁለት ላይ ዜሮ አድርገህ ብትለቃት ምንም አትሆንም፤ እንዲያውም ቶሎ ደረስክ ብሎ ኮከብ ይጨምርልሃል። ፍሬኑ አይግልም፣ አይሸትም። ብትገለበጥም እንደገና ጀምር የሚል ቁልፍ ይመጣል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ከሁሉም አብዝቼ የተጫወትኩት እሱን ነው። ጉድለቱን እያወቅኩ ወደድኩት፣ ምን ላድርግ።

ጉሙ ሳሳ። እማዬ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዱዓ ጀምራለች። ወርጄ እንዳንተው ጎማዎቹን አንድ ባንድ በእጄ ጀርባ ነካሁ፤ ሁሉም ቀዝቃዛ ናቸው። ወረቀቱን ኪሴ ላስገባው። ታች ስደርስ እቀጥላለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ኮምቦልቻ ነኝ። የጋራዡ ግንብ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ሙቀቱ እንደምታውቀው ነው፣ እኔን ግን ይበርደኛል።

ላንተ አልዋሽም። አፋፉ ላይ ሦስተኛ ማርሽ አስገባሁ። ሞተሩ መጮህ ጀመረ፣ ዳማም ተይዛ መውረድ ጀመረች። አንዱን ጠመዝማዛ አለፍኩ፣ ሌላውንም አለፍኩ። ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ሲጮህ አትፍሪው፣ ይዞሽ ነው የሚጮኸው ያልከኝ ጆሮዬ ላይ ነበር። ከዚያ መንገዱ ቀጥ አለ፣ ጉሙ ከላያችን ቀረ፣ ፀሐይ ወጣ፣ እኔም ተዝናናሁ። ቀኝ እጄ ምን እንዳደረገ እኔ አላወቅኩም። ያወቀችው እማዬ ናት። ስንቱን ዘመን ከጎንህ ተቀምጣ ስለወረደች ጆሮዋ ከእኔ ይበልጣል። ለምንድን ነው ዝም ያለው አለችኝ። ዝም ያለው ሞተሩ ነው። ለካ ዱላውን ስቤ ዜሮ ላይ ጥዬዋለሁ፣ ልክ ስልኩ ላይ እንደለመድኩት።

ዳማ ክፉኛ ትሮጣለች አባዬ። ያ ሁሉ ድንች ከኋላ ይገፋታል። ሦስተኛውን ልመልስ ስል ማርሹ ተንጫረረ እንጂ አልገባ አለ። ከፊታችን ጠመዝማዛው አፍ ላይ ሚኒባስ ቆሞ ሰው ያወርዳል። እንደገና ጀምር የሚለውን ቁልፍ መስታወቱ ላይ በዓይኔ ፈለግኩት፤ ወላሂ ፈለግኩት። ከዚያ ፍሬኑ ላይ ቆምኩበት። እማዬ አልጮኸችም። ፊት ለፊቷ ያለውን እጀታ አንቃ ይዛ አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ ትላለች። ፍጥነቷ ሲረግብልኝ እንዳስተማርከኝ ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ፣ ነዳጅ ሰጠኋት፣ ደግሜ ረግጬ ዱላውን ገፋሁት። ገባ። ሞተሩ አገሳ። ሚኒባሱን ታክከን ስናልፍ ረዳቱ እጁን አወናጨፈብኝ፤ ቢሰድበኝም አልፈርድበትም። ከዚያ ሽታው ጋቢናውን ሞላው።

መንገዱ ሰፋ ሲል ጥጌን ይዤ ቆምኩ። የኋላው ግራ ቸርኬ እጅ አያስጠጋም። እማዬ ከወንበሩ ሥር የዚያን ሹፌር ጀሪካን ጎትታ አወጣች። አንድ ጊዜ ብቻ አፍሽበት፣ ማን ያየናል፣ አባትሽን ሁለተኛ አልቀብርም አለችኝ። ክዳኑን ከፍቼ ነበር። እስክንደርስ ውሃው ይደርቃል፣ ብረቱም ይበርዳል፣ ዳማም ትተርፍልናለች። ብረቱ ከተሰነጠቀ ግን የሚታወቀው ሌላ ቀን፣ ሌላ ቁልቁለት ላይ ነው። ያን ለት መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ፣ አጠገቤ የምትቀመጠውም እሷ ናት። ክዳኑን መለስኩት። እማዬ ተቀየመችኝ፤ ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። በራሱ እስኪበርድ ልጠብቅ ስል አጎቴ ደወሉ፤ የት ናችሁ፣ ሰውየው ሊሄድ ነው አሉ። ግማሽ በርዶ ግማሽ እንደጋለ ተነሳን። ከዚያ እስከ ሜዳው ድረስ ሦስተኛን አልለቀቅኩም፤ ሞተሩ እየጮኸ ወረድን።

አጎቴ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ገዢው ከጎናቸው። ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ወደ ጎማው ሄዱ። የፊቶቹን ነኩ፣ አለፉ። የኋላውን ቀኝ ነኩ፣ አለፉ። ግራው ጋ ከመድረሳቸው በፊት ቀደምኳቸው። ላይ ላይ ዜሮ አድርጌ ለቅቄያት ነበር፣ ጌም ላይ የለመድኩት ነው፣ ያኛው ግሏል አልኳቸው። ጌም የሚለውን ሲሰማ ገዢው ሳቀ። እማዬ ሻሿን ወደ አፏ ሳበች።

አጎቴ ጎንበስ ብለው እጃቸውን አሳረፉ፤ ወዲያው ነጠቁት። ያኔ በቃ አልኩ። እሳቸው ግን ቀና አላሉም። ጣታቸውን በጎማው ዙሪያ አዞሩት፣ የመንገዱን አቧራ እያሹ አዩት። ደረቅ ነው። ውሃ የነካው ቦታ የለም። ጀሪካኑን ከጋቢና አስወርደው ወዘወዙት፤ ሙሉ ነው። ውሃ አላፈሰስሽበትም አሉኝ። አላፈሰስኩም አልኩ። ወደ ገዢው ዞረው፣ ይቅርታ ወንድሜ አለፋንህ፣ መኪናዋ ባለቤት አላት አሉት። እኔን ደግሞ ያንን ጌም አሁኑኑ አጥፊው አሉኝ።

ሰውየው ከሄደም በኋላ ከጎማው አልራቁም። ብረቱ ሲበርድ እጃቸውን እንደገና አሳረፉበት፤ በዚህኛው ጊዜ አላነሱትም። ጀርባቸውን ሰጥተውን ብዙ ቆዩ። ወንድማቸውን ነው የያዙት መሰለኝ። እማዬም አይታቸው አለቀሰች፤ ከዚያ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና የቀረ ካሮት አለኝ ብላ ስልኳን አወጣች።

ስለ ጌሙ የመጨረሻ ቃሌን ልስጥህ። አላጠፋሁትም፤ ለአጎቴ እንዳትነግርብኝ። ቆንጆ ነው፣ ዝናቡም ልክ ነው። ቁልቁለት ላይ ያለው ጸጥታ ግን ሰው ያስጨርሳል፤ ለማንም ሹፌር አልመክረውም። ቤት ስንገባ ያንተን ጆይስቲክ ለእማዬ እሰጣታለሁ። ተሸንፋ እንደማትነሳ ከአሁኑ አውቄዋለሁ።

አባዬ፣ የቀበርንህ ለት አፈሩ ላይ ቆሜ ብዙ ቃል ገብቼልህ ነበር፤ ስንቱን እንደጠበቅኩ አንተም ታያለህ። ዛሬ የምገባልህ አንድ ብቻ ነው። ሐረጎን በወረድኩ ቁጥር አፋፉ ላይ ቆሜ ጎማዎቹን በእጄ ጀርባ እነካለሁ፣ ሦስተኛ አስገባለሁ፣ ከዚያ ሜዳው ድረስ ሞተሩ ይጩህ። እሱ እስከጮኸ ድረስ እንደያዝከኝ አውቃለሁ።

አላህ ጀነቱን ይስጥህ።

ልጅህ ሐያት