ሁለት በር ያለው ክፍል

አክስታችን የግል የሥነ ልቦና ምክር ቢሯቸውን በከፈቱ ዕለት ቀድመው የገቡት አባታቸው ነበሩ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡና የሚያማቸውን ጉልበት ዘረጉ። ልጃቸው የሚያክሙት በንግግር መሆኑን ሲያስረዷቸው፣ «በወሬማ ከሆነ ሠፈሩ ሁሉ ሐኪም ነው» ብለው ሱሪያቸውን መለሱ።

አባታቸው አናጺ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። አክስታችን የቤቱ ሁለተኛ ልጅ ናቸው። ታላቅ ወንድማቸው የራሳቸውን ትምህርት አቋርጠው እየሠሩ ዩኒቨርሲቲ አስተማሯቸው። ከተመረቁ በኋላ በአንድ ሆስፒታል፣ በመጋረጃ በተከፈለ ክፍል፣ አሥር ዓመት ሠሩ። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ሰው ሁሉን ይሰማ ነበር። የራሳቸውን ቢሮ የከፈቱት ለዚህ ነው። አባታቸውም ሥራው ባይገባቸውም፣ የሚወጣው ከሚገባው እንዳይገናኝ በጓሮ በኩል ሁለተኛ በር አወጡላቸው።

የሒሳብ መምህር አግብተው አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል።

መንገድ ላይ ታካሚያቸውን ቀድመው ሰላም አይሉም ነበር፤ አብሮት ያለው ሰው «ከየት ታውቃታለህ?» እንዳይለው ነው። ሠፈሩ ግን «እሜቴ አላየሁም» ብሎ ስም አወጣላቸው።

የወንድማቸው የመጀመሪያ ልጅ ስትታጭ ሽማግሌዎቹ ይዘውት የመጡት እጮኛዋ ለመጠጥ ሱሱ አክስታችን ዘንድ ሲታከም የቆየ ነበር። እንደማያውቁት ጨበጡት። ትዳሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በመጠጥ ፈረሰ። ባልየው በጠብ መሀል፣ አክስትየው ሁሉን ያውቁ እንደነበር፣ «ቀድመህ ንገራት» እያሉም ደጋግመው እንደለመኑት ተናገረ። ወንድማቸው የሰሙት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ቢሮ ድረስ ሄደው ታውቂ ነበር ወይ ሲሏቸው፣ አክስታችን እዚያ ክፍል ስለገባም ስላልገባም ሰው እንደማይናገሩ መለሱ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ» አሏቸው ወንድማቸው።

«አዎ፣ ጋሼ። የተማርኩት ይሄንን ነው።»

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። ዘመዱም በየሠርጉ ጥሪውን ለባለቤታቸው ብቻ ይልክ ጀመር።

የጣፊያ ካንሰር እንደያዛቸው ባወቁ ጊዜ ታካሚዎቻቸውን አንድ በአንድ ለሥራ ባልደረባቸው አስረከቡ። ባለቤታቸው ለወንድማቸው ደወሉ። ወንድማቸው፣ መጀመሪያ ጥፋቷን ትመን አሉ። አክስታችን በባለቤታቸው በኩል፣ «ይምጣ፤ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን» ብለው መለሱ። ወንድማቸው ሳምንቱን ሙሉ አሰቡበት።

አክስታችን በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ረቡዕ ማታ ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና ወንድማቸው በሕይወት አሉ። የሰውን ጭንቀት ሲሰሙ የኖሩትን ነፍስ ፈጣሪ በተራው ይስማ፤ በሰላምም ያሳርፋት።

ወንድማቸው ሐሙስ ጠዋት ደረሱ።