ለአውድማው ሻምፒዮን፣ ከሜዳው ዳኛ

መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለክቡር ፊታውራሪ ቢተው፣ የአውራጃችን ገዥ፣ የመሬታችን ባለቤትና የቴኒስ ሻምፒዮናችን

ጉዳዩ፦ አውድማችንን ስለ መልቀቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን፣ በተለይም ባለፈው ቅዳሜ አንዲት አጭር ኳስ ላይ ለመድረስ ሲሞክሩ የያዘዎትን የቀኝ ጉልበትዎን፣ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ ከሞቱት በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ከሜዳው ዳር ከፍ ባለ ወንበር ላይ ሲያዩኝ ኖረው ስሜን ጠይቀውኝ ስለማያውቁ፣ ካሳ አካሉ እባላለሁ። አዲስ አበባ፣ በአንድ የፈረንጆች ክበብ አሥራ አንድ ዓመት የቴኒስ ሜዳ ጠርጌ፣ በኖራ መስመር አስምሬ፣ በመጨረሻም ኳስ ገባች ወጣች ብሎ ለመፍረድ በቅቼ ወደ አገሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ክቡርነትዎ ይህን ሰምተው በዘበኛ አስጠርተው ዳኛ አደረጉኝ። ስለ ሹመቱ አመሰግናለሁ፤ እምቢ ማለት ይቻል እንደሆነ ያልጠየቅኩትም የዘበኛው ጠመንጃ ከእኔ በላይ ረጅም ስለነበረ ነው። አሁን ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ስለ ሜዳው። በ1965 ዝናቡ ቀርቶ፣ በ66 ደግሞ የተዘራው ሳይበቅል ቀርቶ፣ ሁላችንም ባዶ አውድማችንን እያየን ስናለቅስ፣ ርዝመትና ወርዱን በገመድ ያስለኩት ክቡርነትዎ ብቻ ነበሩ። የሚወቃ እህል ከሌለ አውድማ ምን ይሠራል ብለው፣ ከወግዲ በኩል የሚቀመስ ፍለጋ የመጡትን ሰዎች በቀን አንድ ጣሳ ንፍሮ እየሰፈሩ ድንጋይ አስጎትተው ለቴኒስ ደለደሉት። ከጎታቾቹ ሦስቱ ሥራው ሳያልቅ ስላረፉ የእነሱ ንፍሮ ተርፎልዎታል። ክርስቲያኑም እስላሙም ጫማውን አውልቆ፣ የፈጣሪውን ስም ጠርቶ የሚገባበት መሬት በነጭ ሸራ ጫማ ሲረገጥ ለማየት የበቃን የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እኛ ነን።

2ኛ፦ ስለ ተፎካካሪዎቹ። እኔ ቴኒስ የምወድ ሰው ነኝ። በክበቡ ሳለሁ በየአገሩ እየዞሩ የሚጫወቱ ሁለት ፈረንጆች መጥተው አይቻለሁ፤ ለዓመታት አንዱ አንዱን ሲያሸንፍ የኖሩ፣ በደንብ የሚጠላሉ ባላንጣዎች ነበሩ። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ተጨባብጠው፣ ቀጥሎ ለሚጫወቱት ሜዳውን ለቀው ወጡ። ፕሮፌሽናል ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቅ፣ በጨዋታው እንጀራውን የሚበላ ሰው ነው ተባልኩ። ክቡርነትዎ ከእነዚያ በለጡ እንጂ አላነሱም፤ እርስዎ በጨዋታዎ የአርባ ጭሰኛ ቤተሰብ እንጀራ የሚበሉ ሰው ነዎት።

ስለ ባላንጣዎ ስለ ፖሊስ አዛዡ ስለ ሻምበል ምናለ የማደንቀው ብዙ የለኝም። ኳስን እንደ ሽፍታ ያሳድዷታል፣ ሲደርሱባት ግን ምን እንደሚያደርጓት አያውቁም። ሆኖም እርስዎን ለማሸነፍ ከዚህ በላይ ችሎታ አላስፈለጋቸውም። ክቡርነትዎ ኳስ ወደ እርስዎ ትምጣ እንጂ እርስዎ ወደ ኳስ አይሄዱም፤ ሠላሳ ዓመት በሹመት የኖረ ሰው ወደ ምንም ነገር መሄድ ስላልለመደ አልፈርድብዎትም። በግራ በኩል የመጣችብዎትን ኳስ የሚመልሷት የድሀ አቤቱታ በሚመልሱበት መንገድ ነው፣ ሳያዩ። መስከረም ላይ ጃንሆይ ሲወርዱ ሥዕላቸውን በዚያው ቀን ከቢሮዎ አውርደው፣ ኳስ ከመምታትዎ በፊት «ኢትዮጵያ ትቅደም» እያሉ መጮኽ ጀመሩ። ኢትዮጵያ ትቀድም ይሆናል፤ ኳሷ ግን አሁንም መረቡን አላለፈችም። የወታደር ጊዜ በመጣበት ዓመት በአንድ ሻምበል ሕዝብ ፊት መሸነፍ እንዳስጨነቀዎት ስለሚገባኝ፣ ጭንቀትዎን እንደ ራሴ ጭንቀት አድርጌ ይዤው ነበር።

3ኛ፦ ስለ ጨዋታው መርዘም። እግዜር ይመስገን፣ ዘንድሮ ዘነበ። ገብሳችን ታጭዶ በሜዳው ዙሪያ ተከምሯል። ክቡርነትዎ ግን የባለመሬት ድርሻዬ በዓይኔ ሳይታይ አንዲት ነዶ ከአውድማው ውጪ እንዳትወቃ ብለው አዘዙ፤ በአውድማው ላይ ደግሞ የሻምፒዮናው ግጥሚያ ሳያልቅ በሬ እንዳይገባ አዘዙ። ሁለቱን ትእዛዞች ጎን ለጎን ሳነባቸው እንዲህ ያለ ነገር ለማሰብ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ገረመኝ። ሦስት ቅዳሜ ተሸነፉ፣ ሦስት ቅዳሜም ጨዋታው እንደገና ይደረግ አሉ። ሰው ከገዛ ክምሩ ሥር ተቀምጦ እየተራበ ጨዋታዎን ተመለከተ።

አራተኛ ብዬ ቁጥር ልሰጠው የማልችለው ነገር አለ። ጎረቤቴ ዘይነባ የእርስዎ ጭሰኛ ናት። ባሏንና ሁለት ልጆቿን ባለፈው ክረምት ቀብራ፣ ሰዓዳ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ብቻ ቀርታት ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ከሜዳው ዳር ወድቃ «ጌታዬ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ገብሴ እዚሁ ቆሞ ልጄ በረሀብ አትሙትብኝ» ስትልዎ፣ በፎጣ ላብዎን እየጠረጉ፣ ሻምበሉን ያሸነፍኩ ዕለት አውድማው ያንቺ ነው አሏት። ሁላችንም ሰማን። ታኅሣሥ 5 ቀን አሸነፉ። ዘይነባ እልል አለች፤ በዚህ ከተማ ለእርስዎ ከልቡ እልል ያለ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት። በማግሥቱ ግን ሻምፒዮን ማዕረጉን ማስከበር ስላለበት ግጥሚያው እስከ ገና ይቀጥላል የሚል ማስታወቂያ አስለጠፉ።

ዘይነባ ጥቂት ነዶ ወደ ቤቷ ወስዳ በቁርበት ላይ በዱላ ወቃች። ዘበኞችዎ አንድ ቁና የማይሞላውን ገብስ ወርሰው፣ የገዛ እህሏን ሰርቃለች ብለው አራት ቀን አሰሯት። ልጅቷን ባለቤቴ ብርሀንነሽ ወስዳ የነበረንን አቀመሰቻት፤ የነበረን ግን በቂ አልነበረም። ሰዓዳ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሞተች። እናቷን ለቀብር ለቀቁላት፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ቃሬዛው በሜዳው ዳር ሲያልፍ ሻምበል ምናለ ራኬታቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ። ክቡርነትዎ ግን የቀባሪው «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ምትዎን ስላበላሸብዎት ዝም እንዲሉ አስነገሩ፣ ወደ እኔም ዞረው ነጥቡን ቁጠር አሉኝ። እኔም ከወንበሩ ላይ ሆኜ አርባ ለአሥራ አምስት አልኩ። እስከዚያ ዕለት የምጠላው ሰው እርስዎ ብቻ ነበሩ፤ ከዚያን ዕለት ወዲህ ሁለት ሆነናል።

ስለዚህ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ጠዋት፣ የአርባው ቤተሰብ በሬዎች ወደ አውድማው እንደሚገቡ በአክብሮት አስታውቃለሁ። ዘይነባ ቀድማ ትወቃለች፤ ለማን እንደምትወቃ ግን እርስዎ ይንገሯት። መረቡ በበሬዎቹ ቀንድ እንዳይጠላለፍ አስቀድመው ቢያስነሱት መልካም ነው፤ ካልተመቸዎት ገለባ መሸከሚያ እናደርገዋለን። ሊገቱን ቢያስቡ ዘበኞችዎ ስድስት ናቸው፣ እኛ ምን ያህል እንደተረፍን ደግሞ መጥተው ይቁጠሩን።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ በእርስዎ ሹመት የተሾመና ዛሬ በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ፣ ለጤናዎ፣ ለጉልበትዎና ለሚቀረዎት ጥቂት የሹመት ዘመን ሳያቋርጥ የሚጸልይ፣

ካሳ አካሉ
የቀድሞ የቴኒስ ዳኛ

ግልባጭ፦
ለሻምበል ምናለ
ለቅዳሜ ገበያ ሕዝብ፣ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ

ማስታወሻ፦ ታኅሣሥ 5 ቀን ያሸነፉባት የመጨረሻዋ ኳስ ያረፈችው ከመስመሩ አንድ ስንዝር ተኩል አልፋ ነው። ሻምበሉም በደንብ አይተዋታል፤ እርስዎ ለዘይነባ የገቡትን ቃል እሳቸውም ሰምተው ስለነበር እኔን አይተው ሽንፈቱን ተቀበሉ። በሙያዬ ዘመን አውቄ በሐሰት የፈረድኩት እሷን ብቻ ነው፣ የፈረድኩትም ለእርስዎ ሳይሆን ለሰዓዳ ነበር። አሁን ልጅቷ ስለሌለች ፍርዴን አንስቻለሁ። ኳሷ ወጥታ ነበር።