የውሃ ፓምፑ እጀታ ለማን እንደሚገባ

እኔ የመንደሩ ልብስ ሰፊ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ ስላልከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ ዛሬ መጋቢት 12 ቀን 2014 ዓ.ም. አልጋዬ ላይ ተደግፌ ይህን ቃሌን በመንደሩ መምህር እጅ አጽፌአለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

የስፌት መኪናዬ ለልጄ ሚስት ይሁን። ልጄ አይንካው፤ እሱ የነካው ሁሉ ይበላሻል። ቤቱና ጓሮው የልጄ ነው። ጓሮውን እንዲያርም እመክረዋለሁ፤ እንደማይሰማኝም አውቃለሁ።

የፓምፑን እጀታ በተመለከተ። የልማት ሰዎች ፓምፑን ተክለው፣ ኮሚቴ አስመርጠው፣ «የጋራ ንብረት» የሚል ሰሌዳ ሰቅለው ሄዱ። የጋራ ማለት በእኛ አፍ የማንም ማለት ነው። ግራሶ የሚቀባው ጠፋ፤ ፓምፑ ቆመ፤ ወደ ወንዝ ተመለስን። ኮሚቴው ተሰብስቦ ማዘኑን ገለጸ። እኔ አስጠገንኩና «ከእንግዲህ የእኔ ነው» ብዬ ማታ ማታ እጀታውን እየፈታሁ ቤቴ ማሳደር ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ዓይኑን ከፓምፑ ላይ ነቅሎ አያውቅም። ጠዋት ስመጣ «ዛሬ ደግሞ ምኑን ልታበላሺብን ነው?» እያሉ ብሎኑን ይነካካሉ፤ ግራሶውን ይፈትሻሉ። ፓምፑም ዳግመኛ አልቆመም።

ልጄ እጀታውን እንደሚወርስ ለሰው ሁሉ አውርቷል። አይወርስም። ልጄ ደግ ነው፤ ሁሉም ያምነዋል፤ የታመነ ሰው ብሎን ደግሞ ማንም አያይም። ከእኔ በኋላ ልጆች ወደ ወንዝ እንዳይመለሱ እፈራለሁ፤ ከሞት ይልቅ የምፈራው ይህንን ነው።

ስለዚህ እጀታው ለጎረቤቴ ለነገረኛዋ ይሰጥ። በየስብሰባው ሌባ እያለች የከሰሰችኝ እሷ ናት፤ እሷንም የሚያምናት የለም። ምስክር ልትሆን መጥታ ነበር፤ ወራሽ ምስክር ስለማይሆን በረንዳ ላይ ተቀምጣለች፤ ሲነበብ ትግባ። ከታመምኩ ጀምሮ በየቀኑ በሬን ከፍታ «አለሽ?» የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። እወዳታለሁ። ይህች ዓረፍተ ነገር ስትደርስ ትዘለል።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ኑዛዜ በሙሉ መነበብ ስላለበት የተዘለለ የለም። ነገረኛዋ እጀታውን ተቀብላ አገላብጣ አየችና «ይሄ እኮ ላልቷል! እንዲህ አድርገሽ ነው ትተሽኝ የምትሄጂው?» ብላ አለቀሰች። ተናዛዧ «ይኸው፣ ጀመራት» ብላ ፈረመች።

እኛም ይህ ሁሉ ሲሆን አይተንና ሰምተን ፈርመናል፦ ግንበኛው፣ ነርሷ፣ አናጺው፣ ባለ ሱቁ።