መኪናችንን አላስፈታኋትም

ጀማልዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታዬን አላህ ካለህበት ያድርስልኝ። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ ሳይሆን የያዝኩት ሥራ ስላላለቀ ነው። አሁን አልቋል። ደብዳቤዬ እልህ እልህ ቢልህ አትፍረድብኝ፤ እልኸኛ መሆኔን እያወቅህ ነው ያገባኸኝ።

ቤቱ ደህና ነው። የስፌት መኪናዬን መንገድ ወደሚያየው ክፍል አውጥቻታለሁ። ጋራዥህን አከራዪው ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ አላከራየሁትም። መዶሻዎችህ እንደሰቀልካቸው ናቸው፣ አንዱ ብቻ እኔ ጋ ነው። ለምን እኔ ጋ እንደሆነ እነግርሃለሁ።

ልጽፍልህ የፈለግሁት ስለ ጃርቲ ነው። ገና ተሠርታ ሳታልቅ ሰፈሩ «አሮጊቷ» ለማለት ጃርቲ ብሎ ስም ያወጣላት፣ አንተም ስሙን ወደህ የተቀበልክላት ትንሿ መኪናችን። ከሚኤሶ፣ ከተጣለ የጭነት መኪና ላይ፣ ሁለት ክብ የፊት መብራት ነቅለህ በሁለት ብብትህ ይዘህ የገባህበት ቀን ትዝ ይልሃል? የዛሬ መኪኖች ፊታቸው የተቆጣ ነው፣ የድሮዎቹ ቮልሶች ግን ሰላም የሚሉህ ይመስላሉ አልከኝ። የባጃጅ ሞተር ከኋላ፣ አራት ጎማ፣ ዝናብ የማያስገባ በር፣ በኛ ጠባብ ቅያስ የምታልፍ ወገብ፣ ፊቷ ደግሞ የድሮ። የፈለግኸው ይኸው ነበር። ሰዉ ግን አዲስ መኪና አሮጌ አስመስሎ የሚሠራ እብድ ነው አለ። የተጋጨ በር ቀጥቅጠህ ታቃና እንደሆነ እንጂ ከባዶ መኪና መሥራት ሙያህ አይደለም አሉህ። እውነታቸውን ነው፣ አልነበረም። ሙያ ተይዞ አይወለድም።

እኔ የገባሁበት የአፍንጫዋ ክብ ሲያስቸግርህ ነው። በቶንዲኖ፣ በቀጭን የብረት ዘንግ፣ የሠራኸውን አጽሟን እያየህ ዝርግ ላሜራ እንዴት ክብ እንደሚሆን ጠፋህ። ዝርግ ጨርቅ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ተቆራርጦ ሲጋጠም እንደሆነ ለእኔ፣ ለልብስ ሰፊዋ፣ ማን ይነግረኛል? የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አጽሟ ላይ እያለካሁ ቅድ አወጣሁልህ፣ አንተ በላሜራ መቀስ ቆረጥክ። ዳር ለዳር ገጥመህ ስትበይዳት ግን ጉድ ፈላ። መኪናዋ በየመገጣጠሚያዋ ጣት ጣት ያህል ሰፋች፣ በር የሚባል አልገጥምም አለ። ልብስ ሰፊ ከመስመሩ አልፎ ለስፌት የሚሆን ትርፍ ሳይተው አይቆርጥም፤ ለላሜራውም ትቼለት ኖሯል። አንተ አልጠየቅክ፣ እኔ አልነገርኩ። መሬት ላይ ተቀምጠህ እንባህ እስኪወርድ ሳቅክ። ብየዳው ስሱን ላሜራ እየበሳ ሲያማርርህ ስለከረመ፣ ከሳቅህ ስትመለስ ብየዳውን ፈትተህ ትርፉን አንዱን ባንዱ ላይ ደረብከውና በሪቬት ምስማር ያዝከው። መጠኗም ልክ መጣ፣ መበሳቱም ቀረ። እስከ ዛሬ ስፌቷ እንደ ቀሚስ ይታያል። ካንተ ጋር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሮቿ ሳይሰቀሉ ልብህ ከዳህና ጥለኸን ሄድክ። ሶደቃህ እንዳለቀ ወንድምህ ሙሳ ሞተሩ ይውጣና ለባጃጄ ይሁን አለ። «ኩን ኮንኮላታ ሚቲ፤ ይሄ መኪና አይደለም፣ የሟች ጨዋታ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹም አብረው ልክ ነው አሉ። ሙሳ ክፉ እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ፣ ግን የሟች ጨዋታ ያላት ቃል አቃጠለችኝ። ዒዳዬ፣ የሐዘን አራት ወር ከአሥር ቀኔ፣ እስኪያልቅ ማንም እንዳይነካት አልኩ። ባሏ የሞተባት ሴት ከግቢ አትወጣም፣ ተቀመጪ አሉኝ። ተቀመጥኩ። መኪናዋም ያለችው ግቢ ውስጥ ነበር። ሊያጽናኑኝ የመጡ ሴቶች መዶሻህን ይዤ ሲያገኙኝ አስተግፊሩላህ ይሉ ነበር፤ አስተግፊሩላህ እያሉም ላሜራውን ደግፈው የያዙልኝ አሉ። በሮቹን እኔ ሰቀልኳቸው። ካንተ ሥራ ጋር ሲያዩት ሸካራ ነው፣ ግን ይዘጋል። እንዲያውም ሲበዛ ይዘጋል።

ዒዳዬ ሲያልቅ ሙሳ መፍቻውን ይዞ መጣ። ተከራከርን፣ በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማማን። ታርጋ ስለሌላት አስፋልት ላይ ልናወጣት አንችልም፤ ስለዚህ ወደ ቦኬ በሚወስደው የድንጋይ መንገድ፣ እሱን አሳፍሬ፣ ሰው ሳይገፋት አቀበቱን ከወጣች ማንም አይነካትም። ካልወጣች ሞተሩን ይወስዳል።

ሜዳው ላይ ስታስተምረኝ ክላቹን በቀስታ ያልከኝን እያሰብኩ ነዳሁ። አቀበቱ መሃል ላይ ድምጿ ወረደ። ወደ አንደኛ ማርሽ መለስኳት። ጫት የጫነ አህያ የምትነዳ ሴትዮ ቀደመችን፣ ዞር ብላም ከንፈሯን መጠጠችልን። ሙሳ ወደ ኋላ ልትወስደን ነው ብሎ ሊወርድ በሩን ቢገፋ፣ ያ እኔ የሰቀልኩት በር አልከፈትም አለው። «ተቀመጥ፣ ጨዋታ ነው ብለህ የለ፣ ከጨዋታ ምን ያስወርድሃል» አልኩት። ቢስሚላህ ማለት ጀመረ። እኔም ፈርቼ ነበር፣ አንተን አልዋሽህም። ግን እግሬን ከነዳጁ ላይ አላነሳሁም፣ እሷም እያቃሰተች ወጣች።

ላይ ስንደርስ በሩን ከውጭ ጎትቼ ከፈትኩለት። ሙሳ ወረደና የአፍንጫዋን ስፌት በእጁ እየዳሰሰ አለቀሰ። ከቀብርህ ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። ሞተሩን ዳግም አላነሳብኝም።

አሁን ደግሞ ታርጋ አይሰጥሽም ይሉኛል። ይከልክሉኝ፣ ተመልሼ እጠይቃለሁ። ማን ይገዛታል ይሉኛል። ማንም ባይገዛ እኔ እሄድባታለሁ። የጭሮ ዝናብ ለእኔም ይዘንባል።

አልረሳህም ብዬ በአፌ ብቻ አልምልልህም። ትናንት የሁለተኛዋን መኪና ቅድ አወጣሁ። ሙሳ መቀስህን ይዞ አጠገቤ ቆሞ፣ አሁን ስስ ላሜራ ሳይበሳ የሚበይድ ሰው ተገኝቷል፣ ያንን ትርፍ ቁረጪው፣ ይቺኛዋ እንኳ ልክ ትሁን አለኝ። አይሆንም አልኩት። በየዳሩ አንድ ጣት ትቻለሁ፤ የለካሁትም በማስታውሰው ጣትህ ነው።

ዘይነባህ